ጅማ ላይ የገቢ ማሰባሰቢያ ጨረታ ልናደርግ ነው፤ ልምድ ያላችሁ እስቲ አካፍሉን

የጅሬኗ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰፈራችን ውስጥ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የምንደግፍበት ትንሽ ማኅበር አለን፤ ተመዝግቧል፣ የባንክ ሒሳብም አለው። ዘንድሮ የያዝነው ሥራ ጣሪያ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሰኔን አይጠብቅም። ከምንደግፋቸው እናቶች የአንዷ ቤት ብትገቡ አልጋው ግድግዳ ተጠግቶ አይውልም፤ ፍሳሹ ሲመጣ እየሸሹ ከወዲያ ወዲህ ይገፉታል። ክረምቱ ሳይጠነክር የቻልነውን ያህል ቤት ቆርቆሮ መቀየር አለብን።

በየሱቁ እየዞሩ መለመኑ ሰዉንም እኛንም አሰልችቷል። ስለዚህ ጨረታ እናድርግ ተባባልን። ዕቃ የሚሰጥ አልጠፋም። ከዋንዛ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ የጫካ ማር፣ ከጎማ ወረዳ የመጣ ቡና፣ ሌማትና ሙዳይ አለን፤ አንድ ሆቴል ደግሞ የሁለት ሌሊት አዳር ሰጥቶናል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚሁ ከተማ የተገኘሁበት አንድ ጨረታ ነበር፤ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ጭብጨባው ደምቆ፣ በማይክ የተጠራው ብር ብዙ ነበር። ቆይቼ አዘጋጆቹን ስጠይቅ ግን ቃል ከተገባው ውስጥ ብዙው እጃቸው አልገባም። እኛ ላይ ይህ እንዳይደርስ ምን እናድርግ?

ሄርማታ

እህቴ፣ የያዛችሁት ሥራ ትልቅ ነው፣ በርቱ። ብዙ ጨረታ ላይ ማይክ ይዣለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

የጨረታ ገንዘብ የሚገኘው ማይኩ ከመከፈቱ በፊት ነው። አዳራሽ መሙላት ሌላ፣ ተጫራች መጥራት ሌላ። ሦስት መቶ ሰው መጥቶ አብዛኛው በልቶና አጨብጭቦ ከሚሄድ፣ መግዛት የሚችልና የሚፈልግ ስልሳ ሰው ቢመጣ ይሻላል። ዋጋ የሚወጣው ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ዕቃ ሲፈልግ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከፈለገው በመነሻ ዋጋው ይዞት ይሄዳል፣ አለቀ። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ያዢና ይህን የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ስም ካልመጣልሽ ዕቃውን ከመድረክ አውርጂው፣ ጎን ጠረጴዛ ላይ ይሸጥ። ስም ከመጣልሽ በአካል ሄደሽ ጥሪያቸው። ካርድ በልጅ አትላኪ። "ጋሼ፣ ይህ በርጩማ ለርስዎ ሳሎን ነው የታሰበው፣ ቢቀሩ ቅር ይለናል" የተባለ ሰው ይመጣል።

በርጩማውን ካነሳን፣ እዚህ ያለ ነጋዴ ቤቱ ሦስት በርጩማ አለው። ጅማ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚኖረው ግን ይጓጓለታል። ስለዚህ ያን ቀን ከአዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡትን ፈልጉ፣ ካልመጡም በስልክ የሚጫረትላቸው ሰው አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ።

ሒሳብ ያዥ

ሄርማታ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨነቀው ግን "ሦስት ጊዜ!" ከተባለ በኋላ ላለው ነው።

ቃል የተገባ ብር የሚቀረው ሰው ዋሽቶ አይደለም። ያን ሰዓት ከልቡ ነው ያለው። ሲነጋ ሱቅ አለ፣ የልጆች ክፍያ አለ፣ ማንም አልደወለለትም፣ እሱም የት እንደሚያስገባ አያውቅም። ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ሰውዬውም ያፍራል፣ እናንተም መጠየቅ ያሳፍራችኋል። መድኃኒቱ እዚያው አዳራሹ ውስጥ መጨረስ ነው።

በር ላይ ለሚገባው ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ስጡት፤ ስሙና ስልኩ ከቁጥሩ ጋር ይመዝገብ። አጫራቹ "ለ27 ቁጥር!" ባለ ቅጽበት አንድ ልጅ ካርቦን ያለው ደብተር ይዞ ወንበሩ ድረስ ይሂድ። ዕቃው፣ ዋጋው፣ ፊርማው። አንዱ ቅጂ ለገዢው፣ አንዱ ለገንዘብ ጠረጴዛው። ጠረጴዛው መውጫው አጠገብ ይሁን፣ ሁለት ሰው ይቀመጥበት፣ አንዱ ይቀበል አንዱ ይመዝግብ። ቴሌብር፣ የባንክ መተግበሪያ፣ ጥሬ ብር፣ ቼክ፣ ሁሉም ይሠራል። ቴሌብር የቀን ጣሪያ ስላለው ብዙ ለሚከፍል ሰው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ ይታይ። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም እንጂ በግለሰብ ስም እንዳይሆን፣ እባካችሁ። ዕቃው ሳይከፈልበት ከአዳራሽ አይወጣም፤ ይህን አጫራቹ ገና ሲጀምር በፈገግታ ይናገር፣ ማንም አይቀየምም። ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል፣ ስለዚህ ጄኔሬተር ያለው አዳራሽ ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድርጅታችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ከሆነ ለአስተዳደር የምታወጡት ከጠቅላላ ገቢያችሁ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዕድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይገዙም፣ እናንተ ግን በሱ ተመዝግባችሁ ከሆነ ትገዛላችሁ። ለጨረታው የሚያስፈልገውን ደብዳቤ ከተመዘገባችሁበት መሥሪያ ቤትና ከከተማው አስተዳደር ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። አዳራሽ፣ ምግብና ድምፅ ማጉያ ተደምሮ የጨረታውን ገቢ እንዳይበላው ደግሞ ከአሁኑ ጻፉት። አዳራሹን የሚሰጥ አንድ ሰው ማግኘት አምስት ዕቃ ከማግኘት ይበልጣል።

ቆጪ ሰፈር

ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ ግን ቶምቦላ ጨምሩበት እላለሁ። አነስተኛ አቅም ያለውም በመቶ ብር ይሳተፋል። ሌላው፣ ዋጋው ሲቀዘቅዝ የሚያነሳ የራሳችሁ ሰው መሀል ላይ አስቀምጡ። ሁሉም ያደርገዋል፣ ለበጎ ሥራ እስከሆነ ድረስ ክፋት የለውም።

ፈረንጅ አራዳ

ወንድሜ ቆጪ፣ በሁለቱም አልስማማም።

ቶምቦላ ዕጣ ነው፤ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ የምንኖረው ጅማ ነው። ከምትጠሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ዕጣ ቁማር ነው ብለው ይርቁታል፣ ዓላማው ጥሩ ቢሆንም። ጨረታ ግን ችግር የለበትም። ነቢዩ ለአንድ ችግረኛ ሰው ምንጣፍና ጽዋ አጫርተው ሸጠውለታል የሚል ሐዲስ አለ። ትልልቆቹን ነጋዴዎች ስትጠሩ ይህን የሚያስረዳ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው፣ መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ የሚያንር ሰው ማስቀመጥ በእስልምና ነጀሽ ይባላል፤ ክልክል ነው። ሃይማኖቱንም ተዉት፣ ከተማዋ ትንሽ ናት። ያ ሰው የማኅበሩ ጸሐፊ የወንድም ልጅ መሆኑ እስከ ማታ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ለአረጋውያን ጣሪያ የሚሰጥ ሰው ፈልጉ እስቲ።

ስለ ሰዓቱም ላንሳ። ከዐስር ሶላት በኋላ ጀምራችሁ ከመግሪብ በፊት ጨርሱ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሄደ ሰዉ ይደክማል፣ ዋጋም ይወርዳል። የአልኮል ስጦታ አትቀበሉ። ሙክት ከመጣ በቁሙ ይጫረት፤ የገዛው ወስዶ እንደ ሃይማኖቱ ያርደዋል። የተዘጋጀ ሥጋ ግን መድረክ ላይ አታውጡ። የጾም ቀኖቹንም የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም እዩ።

የአጋሮ ልጅ

ስለ ቡናው እኔ ልናገር፣ ቤቴ ነውና።

ብዙ ጊዜ የማየው "10 ኪሎ የጎማ ቡና" ብሎ ማቅረብ ነው። እንዲህ ካላችሁት የገበያ ዋጋው ነው የሚመጣላችሁ። ገዢው ቡናውን ከነታሪኩ ይወቀው። የማን ማሳ ነው? ከፍታው ስንት ነው? የታጠበ ነው ወይስ ደረቅ? መቼ ተለቀመ? ቡና ከነታሪኩና ከነጣዕሙ ሲቀርብ ምን እንደሚያወጣ በ2012 ክረምት አይተናል። በመጀመሪያው የኢትዮጵያ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በኢንተርኔት ጨረታ በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጧል። በኪሎ ሲመታ ከ400 ዶላር በላይ ነው። እናንተ እዚያ አትደርሱም፣ መንገዱ ግን ያው ነው። የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ እዚሁ አለ፣ መልኮ ላይ የቡና ምርምሩ አለ፣ የምርት ገበያውም ጅማ ላይ ቡና የሚቀምሱ ባለሙያዎች አሉት። ቡና ቀማሽ ባለሙያ ለምኑና ቀምሶ በሦስት መስመር ይጻፍላችሁ፤ ወረቀቱ ከቡናው ጋር ይጫረት።

ጨረታው ሲጀመር ያው ቡና እዚያው ይቆላ። ጭሱ አዳራሹን ይዙር፣ በስኒ ይቅመሱት፣ ከዚያ አጫርቱት። ሽታው ሳይጠፋ የሚባለው ዋጋ ሌላ ነው።

ደግሞ ጥሬ ቡና በኩንታል አታቅርቡ። መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ የአዲስ አበባው እንግዳ ገዝቶ ይዞ መሄድ ካልቻለ ጨረታው ውስጥ አይገባም። ተቆልቶ የታሸገ ይሁን።

ከሲያትል

ሰላም የአገሬ ልጆች። መንደራ ነው ያደግሁት። እዚህ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ የሚደረጉ ጨረታዎች ላይ እሠራለሁና አንድ ሁለት ነገር ላካፍል።

ሁሉን ዕቃ በማይክ አያጫርቱም። ትንንሾቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፣ አጠገባቸው ወረቀት አለ፣ ሰው ዋጋውን እየጻፈ ያልፋል፤ ከሱ በላይ የሚሰጥ ከሥር ይጽፋል። የማይኩ ጨረታ ሳይጀመር ይህ ይዘጋል። እናንተ ሌማቱን፣ ሙዳዩን፣ ማሩን እንዲህ ሽጡት። ለማይኩ ከ8 እስከ 12 ዕቃ ይበቃል። መነሻ ዋጋው ከገበያው ግማሽ በታች ይሁን። ሰው እጁን አንዴ ካነሳ ሁለተኛ ለማንሳት አይከብደውም፤ በውድ ከጀመራችሁ ግን መጀመሪያ የሚያነሳው አይገኝም። ምርጡን ዕቃ ደግሞ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡ። መጨረሻ ላይ ግማሹ ሰው ካፖርቱን ለብሷል። ከመሀል ትንሽ አለፍ ሲል፣ ሰዉ ሞቅ ሲለው አውጡት።

ዋናው ነገር ግን ዕቃው ካለቀ በኋላ ያለው ነው። እዚህ አጫራቹ ምንም ዕቃ ሳይዝ በቀጥታ ለጉዳዩ ይጠይቃል። ከትልቁ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ለእናንተ እንዲህ ይሆናል፦ "የአንድ ቤት ሙሉ ጣሪያ የሚችል ማን አለ? ግማሽ ጣሪያ? አሥር ቆርቆሮ? አንድ ቆርቆሮ?" ሰው ካርቶኑን ያነሳል፣ ጸሐፊዎቹ ቁጥሩን ይይዛሉ። ብዙ ቦታ ከዕቃው ጨረታ የሚበልጥ ገንዘብ የሚገኘው ከዚህ ነው፣ ምክንያቱም ዕቃውን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወስደው፤ እዚህ ግን ሁሉም ይሰጣል። ቆጪ ሰፈር ያነሳውን የአነስተኛ አቅም ጉዳይም ይፈታል፤ አንድ ቆርቆሮ ለሁለት ለሦስት ሆነው ይገዛሉ።

የሰንበቴ ልጅ

ከሲያትል ያልከው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በንግሥ ቀን በስለት የገባው ጃንጥላ፣ ምንጣፍና በግ ሲጫረት ሰው ዕቃውን ብሎ ብቻ አይደለም የሚጫረተው። የሚሠራው መቅደስ ፊቱ ቆሞ ይታየዋል፣ ብሩ የት እንደሚገባ ያውቃል። የእናንተም ጉዳይ እንዲህ ይታይ። ከአንዱ ቤት የወረደ አሮጌ ቆርቆሮ አምጡና መድረኩ ላይ ወደ መብራት ይያዝ። ዝጎ የተበሳው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ያሳልፋል። ያን ያየ ሰው ንግግር አያስፈልገውም።

እናቶቹን ግን መድረክ አታውጧቸው፣ እለምናችኋለሁ። ማይክ ሰጥቶ ማስለቀስ የተለመደ ሆኗል። ነገ ገበያ ሲወጡ ሁሉም የሚያውቃቸው በዚያ ይሆናል። ቤቱን በቪዲዮ አሳዩ፣ ፊታቸው ይቅር።

ሌላ ልጠይቅ። "ገዝቼ መልሼ ሰጥቻለሁ" የሚለውን እንዴት ታዩታላችሁ? አንድ በግ አምስት ጊዜ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ገንዘቡም ጥሩ ገብቷል።

ሄርማታ

መልካም ባህል ነው፣ ግን ይመጠን። አንድ ሁለት ጊዜ ሲመለስ አዳራሹ ይሞቃል። አራተኛ አምስተኛ ላይ ሲደርስ ዕቃውን ከልቡ የፈለገው ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ቢያሸንፍም ይዞ መሄድ ንፍገት ይመስልበታል። ስለዚህ ለመመለስ የሚሆን አንድ ዕቃ አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ሙክቱ ወይም ማሩ ይሁን። በርጩማውን ግን የገዛው ይውሰደው። የፈለፈለው ሰውዬ ሥራው ሳሎን ገብቶ ማየት ይፈልጋል። ሒሳብ ያዥ ደግሞ ያስታውሱ፣ የመለሰውም ሰው ከፍሎ ነው የሚመልሰው፤ በቃል ብቻ ከሆነ አንዱ በግ አምስት ጊዜ ተሸጦ የአንዴ ብር ብቻ ይገባል።

ሒሳብ ያዥ

በትክክል። እያንዳንዱ ሽያጭ የራሱ ወረቀት ይኑረው። ስክሪን ካላችሁም የሚታየው ድምር የተከፈለው ይሁን እንጂ የተባለው አይሁን። መቄዶንያ በሰይፉ ፋንታሁን ቀጥታ ስርጭት ገቢ ሲያሰባስብ ሰዉን ሌሊቱን ያቆየው አንዱ ነገር ድምሩ እያደገ ሲሄድ ማየቱ ነው። ከሩቅ ያለውም ያስገባውን እዚያው ሲሰማ ሌላውን ይጠራል።

የጅሬኗ

እግዚአብሔር ይስጥልን ሁላችሁንም፣ አላህ ይስጥልን። ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠን አነበብነው። ቶምቦላው ቀርቷል፣ የራሳችንን ሰው አናስገባም። ሰዓቱ ከ10 እስከ 12 ተኩል፣ ቅዳሜ። ሌማትና ሙዳዩ ጠረጴዛ ላይ፣ ለማይኩ ዘጠኝ ዕቃ፣ ከዚያ የጣሪያው ጥያቄ። የቀረን የአጫራቹ ጉዳይ ነው። ግማሾቻችን ከአዲስ አበባ ታዋቂ አርቲስት እናምጣ እንላለን፣ ሰው ይስባል። ግማሾቻችን ደግሞ ክፍያው፣ መጓጓዣው፣ ሆቴሉ ብዙ ነው እንላለን።

ፈረንጅ አራዳ

ታዋቂ ሰው ሰው ይስባል፣ የሚስበው ግን ፎቶ የሚነሳውን ነው። እናንተ የምትፈልጉት አዳራሹ ውስጥ ያለውን በስሙ የሚያውቅ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እኩል የሚያጫርት ሰው ነው። ከገጠር የመጣ የቡና ነጋዴ ቁጥሩን በኦሮምኛ ሲሰማ ነው እጁ የሚፈጥነው። እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ መምህር ወይም ጋዜጠኛ አይጠፋም።

ሰው በስሙ መጥራቱ ግን ልክ አለው። "ጋሼ እገሌ ዛሬ ዝም አሉ፣ ምነው?" እያሉ ማሳጣት አይገባም። ያን ቀን አፍሮ ይሰጣል፣ በዓመቱ ግን ስልክ አያነሳም። በአክብሮት መጋበዝና ማስጨነቅ እንደሚለያዩ አጫራቹ አስቀድሞ ይነገረው።

ቆጪ ሰፈር

ስለ ቶምቦላውና ስለ ዋጋ አንሺው የተባለውን ተቀብያለሁ፣ በዚያ በኩል አላሰብኩትም ነበር። አንድ ልርዳ። የወንድሜ የብረታ ብረት ሱቅ አለ፤ ቆርቆሮውን በመጣበት ዋጋ እንዲያቀርብላችሁ አነጋግረዋለሁ። ዋጋው ከታወቀ የአንድ ቤት ጣሪያ ስንት እንደሚፈጅ ቁርጥ አድርጋችሁ መጥራት ትችላላችሁ። ሚስማሩን፣ ማገሩንና የአናጺውን ቀን ሥራም አብራችሁ ደምሩ፤ ቆርቆሮ ብቻ ተቆጥሮ ሥራው መሀል ላይ የቆመ ቤት አውቃለሁ።

የጅሬኗ

ወንድሜ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ትልቅ ነገር ነው ያደረግኸው። አናጺ ይዘን ሐሙስ ቤቶቹን እንለካለን፣ ልኩን እልክልሃለሁ። የአጫራቹን ምክርም ይዘናል፤ ሬዲዮ ላይ በሁለቱም ቋንቋ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ አለ፣ ዛሬ ማታ እናነጋግረዋለን።

ከሲያትል

ከጨረታው በኋላ ያለውን እንዳትረሱ። ያልከፈለ ካለ በማግስቱ ይደወልለት፣ ሳምንት አይደር። ለሰጠው ሁሉ ጣሪያው ሲመታ ፎቶ ላኩለት፣ ዕቃ ለሰጡትም ጭምር፤ ዕቃ የሰጠ ሰው ስንት እንደተሸጠለት ሳይነገረው ይቀራል። የባንክ ሒሳቡን እዚህ ለጥፉት፣ በስልክ የሚጫረትልኝ ሰውም መድቡልኝ። በርጩማውን እኔ እፈልገዋለሁ።

የአጋሮ ልጅ

እንግዲያው ሁለተኛው ፈላጊ እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ እንገናኝ፣ ቡናውን ይዤ ከ9 ሰዓት በፊት እደርሳለሁ። መቁያውንና ከሰሉን እናንተ አዘጋጁ።